ከመረቡ ማዶ ያለችው

ፌብሩዋሪ 2፣ ሰኞ

የሳልሞን ማጥመጃው ወቅት ገባ፤ ወንዙ ተከፈተ። ጎህ ሲቀድ ውሃው ላይ ነበርን። ገመዱ በረዶ ይዞ እንደ ዱላ ደርቋል፤ ጓንቴ መቅዘፊያው ላይ ተጣብቆ በግድ ነው ያላቀቅኩት።

ሁለት ጀልባ፣ አንድ መረብ፣ አራት ሰው፤ እንደ ድሮው። ባሕሩ ወንዛችንን ወደ ላይ ገፍቶ እስኪሞላው ጠበቅን፤ ውሃው መጉደል ሲጀምር መረቡን በሁለቱ ጀልባዎች መካከል ዘርግተን አብረነው ቁልቁል ወረድን። እኔ እንደ ሁልጊዜው ከባሌ ከዴክላን ኋላ ተቀምጬ እቀዝፋለሁ፤ እሱ ከፊት ሆኖ መረቡን ይይዛል። በማዶው ጀልባ ዋት ይቀዝፋል። ከዋት ፊት የነበረው ወንድሙ ፓይርስ ነው፤ እሱን ግን ኖቬምበር ላይ የሳንባ በሽታ ወስዶት ቀበርነው። ዴክላንና ፓይርስ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ የአንድ መረብ ሁለት ጫፍ ይዘው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

እውነቱን ልጻፍ፤ ዴክላን የፓይርስን ገመድ ለእኔ ይሰጠኛል ብዬ ነበር። የብርዱን ወራት ሙሉ ስጠብቅ ከረምኩ። ስቀዝፍ ወገቤ የጎበጠው ለምኑ ነው? ዛሬ ጠዋት ወንዙ ዳር ስንደርስ የፓይርስ መቀመጫ ላይ ማን ጉብ ብላለች? ስቴሻ! የሟቹ ሚስት። የባሏን ካፖርት ለብሳ ወገቧን በሲባጎ ታጥቃለች። ያምርባታል ደግሞ፤ እግዚአብሔር ይይላት።

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። «አንቺ ከኋላዬ ካልሆንሽ እኔ ውሃ ላይ አልወጣም» አለኝ። ምስጋና መስሎታል።

አንድ ዓሣ ያዝን። የሚያምር ዓሣ ነበር። እራት ላይ አልጣመኝም።

ፌብሩዋሪ 6

መረብ የያዘ ሰው የታችኛውን ገመድ በጣቱ ላይ አድርጎ ነው የሚጠብቀው። ሳልሞን መረቡን በግንባሩ ሲገፋ ጣት ላይ ይሰማል፤ እንደ ትንሽ የልብ ምት ነው ይላሉ። ያኔ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ መጎተት አለባቸው። አንዱ ከዘገየ ዓሣው በታች ሾልኮ ይሄዳል። ጩኸትም የለም፤ ውሃ ላይ ማውራት ነውር ነው።

እንግዲህ ባሌና ስቴሻ ቀኑን ሙሉ በአንድ ገመድ ታስረው፣ ሳይነጋገሩ፣ እየተያዩ ይውላሉ ማለት ነው። እየተያዩ ያልኩት አውቄ ነው። ዴክላን ውሃውን አያይም። መረቡን የሚያንሳፍፉትን ቡሾች አያይም። የሚያየው ፊቷን ነው። ፓይርስ በነበረ ጊዜም ወደ ማዶ ነበር የሚያየው፤ ያ ግን ፓይርስ ነው፤ ጥርስ እንኳ አልነበረውም።

ዛሬ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ቃል ብቻ፣ ያለ ድምፅ። ምን እንዳለችው ላጣራ ስል ዓሣ መጣና መቅዘፍ ነበረብኝ።

ፌብሩዋሪ 11

ነፋስ። ምንም አልያዝንም። ጣቶቼ በድን። ዴክላን ሻይ ሲያነሳ የእናቴን ሰማያዊ ኩባያ ጣላት፤ ተሰበረች። «አመለጠችኝ» አለ። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር። ከመስኮቱ ማዶ የማን ቤት እንደሚታይ እዚህ አልጽፍም።

ፌብሩዋሪ 15፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ዋት መጣ፤ እንደ ልማዱ ድንቹን ጠራርጎ በላልኝ። ከዚያ ዴክላንን አኮርዲዮኑን አውርድና አንድ ነገር አሰማን አለው። ዴክላን የአኮርዲዮኑ ወናፍ ተቀዷል፣ ነፋስ ያወጣል ብሎ እንቢ አለ። ባለፈው ፋሲካ ራሱ ነው የለጠፈው! ዋት ወደ እኔ ዞሮ «ዴልያ፣ ይኼ ሰውዬ ዘፈኑን ለሌላ ቤት አውሎብሽ ይሆናል፤ ፈትሺው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን የባሰውን ልጻፍ። ዋት ሲሄድ ዴክላን የሚፈላውን ድስት ያለ ጨርቅ በባዶ እጁ ከእሳት አነሳው። በባዶ እጁ! ይዞት ቤቱን አቋርጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እኔ ጮህኩ፤ እሱ «ምን ሆንሽ?» ይለኛል። ጣቶቹ ውሃ ቋጥረዋል። ቅቤ እየቀባሁለት ሐሳብህ የት ነበር አልኩት። «የትም» አለ። እስኪቃጠል ድረስ ሰው የሚያስበው ስለ ማን ነው? ስለ እኔ እንዳልሆነማ የታወቀ ነው፤ እኔ እዚያው አጠገቡ ነበርኩ።

ቅቤውን ስቀባው የአባቱን ወንበር ወደ እሳቱ አስጠጋሁለት። አልተቀመጠም። ቆሞ ተቀባ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም፤ ሽማግሌው ከሞተ ስንት ዘመን ሆነው፣ አሁንም እንደ እሾህ ይሸሸዋል። ሽማግሌው እጁ ከዳው፣ ወንዙን ተወ፣ ከዚያ በኋላ እዚያው ተቀምጦ ሚስቱ እንግዳ ፊት በማንኪያ ታጎርሰው ነበር። ያን እኔም ደርሼበታለሁ። ደግ ሴት ነበረች፤ ባጎረሰችው ቁጥር «አይ የኔ ምስኪን» ትለው ነበር።

ፌብሩዋሪ 18፣ የጾም መያዣ

ግንባራችን ላይ አመድ ተቀባን። ለጾሙ ሁለት ነገር ልተው ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ስኳርና ጥርጣሬ።

ፌብሩዋሪ 21

ስኳሩን ትቻለሁ።

ዛሬ ጀልባዎቹን ወደ ጭቃው ስንጎትት ዝናብ መጣ። ዴክላን የዝናብ ካፖርቱን ለበሰ፤ ደረቱን ሳይቆልፍ ቆመ። ስቴሻ ሄደችና ቆለፈችለት። ከታች ጀምራ፣ ቁልፍ በቁልፍ፣ እስከ አንገቱ። እሱም እንደ ልጅ አገጩን ቀና አድርጎ ጠበቃት። በእኔ ፊት። በዋት ፊት። ዋት ወንዙን አዲስ እንደሆነበት ሁሉ ትክ ብሎ ያይ ጀመር።

ገና ሰሞን ለቅዳሴ ሲለብስ ልቆልፍልህ ስለው «ምነው፣ ሕፃን ነኝ?» ብሎ የተቆጣኝ ይኸው ሰው ነው።

ማታ ጠየቅኩት። ብርዱ ጣቴን ገድሎት ነው አለኝ። የእኔን ጣት ብርድ አያውቀውም? አልኩት። ሳቀና ጉንጬን ነካ አደረገኝ፤ በእጁ ጀርባ። ድሮ በጣቶቹ ነበር የሚነካኝ። የእጁ ጀርባ የሚደርሰው ለእኔ ነው ማለት ነው እንግዲህ፤ ጣቶቹ ለሌላ ተቀምጠዋል።

ለጸሎት ተንበርክኬ የጸለይኩትን አልጽፈውም።

ፌብሩዋሪ 24

ወደ ወይዘሮ ኮዲ ሱቅ የሄድኩት ወሬ ላወራ አይደለም። ሻይ ቅጠል ጎድሎኝ ነው።

ወይዘሮ ኮዲ ቅጠሉን እየመዘነች ዓሣው እንዴት ነው አለችኝ። ደህና ነው አልኩ። ስቴሻስ ገመዱን ለመደችው? ለመደችው አልኩ። ሐዘኗስ እንዴት ይዟታል? እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ከኋላዬም ሴቶች ነበሩ።

«ሐዘንማ ምን ሐዘን አላት ወይዘሮ ኮዲ፤ ካፖርት የምትቆልፍለት ወንድ አግኝታለች» አልኩ።

ይኼው ነው ያልኩት። ስም አልጠራሁም። ወይዘሮ ኮዲ ግን ማንኪያዋን አየር ላይ ይዛ ቀረች፤ ከዚያ ሻይ ቅጠሉን አትረፍርፋ ሰጠችኝ። ወሬ ስትገዛ ሚዛኗ ለጋስ ነው።

ማርች 1፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ስቴሻ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ማንም አልተቀመጠም። መጨረሻ ላይ ደረጃው ጋ ሴቶቹ ስታልፍ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ቀና ብላ አለፈች። አንድ ጊዜ አየችኝ።

ደስ አላለኝም። ትንሽ ካልሆነ።

ማርች 3

ስቴሻ አልመጣችም።

ዋት ብቻውን ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። ለሰው አፍ አልሆንም ብላለች አለ። ከቅዱስ ፓትሪክ በዓል በኋላ የወንዙ አፍ ላይ ወዳለችው እህቷ ዘንድ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። ይህን ሲናገር ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ጫማዬ እንጂ።

ዴክላን ጀልባው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። እንዲህ ሆኖ ያየሁት የወለድኩት ልጅ በሞተ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ለመረብ እንዲህ የሚታዘን ይመስላችኋል?

«ገመዱን እኔ እይዛለሁ» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ውሃው እየጎደለ ነው፣ ሌሎቹ ጀልባዎች ወርደዋል፣ እሱ ያየኛል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ዓሣ ሲሰማሽ በአፍሽ ‹አሁን› በይኝ። ድምፅ አታውጪ፣ ከንፈርሽን ብቻ። ከፓይርስ ጋር ልማዳችን እንደዚያ ነበር።»

ልማድ! በዚህ ወንዝ እንዲህ ያለ ልማድ ሰምቼ አላውቅም። እሺ አልኩ። ያ የከንፈር ቃል «አሁን» ነበር ማለት ነው። ወይም እንደዚያ እንዳስብለት ፈልጎ ነው።

ከታች መንደር አንድ ዝምተኛ ቀዛፊ ለመቀመጫዬ ተገኘ።

ማርች 5

ገመዱ በእጄ ነው፤ በዋት ጀልባ፣ በፓይርስ መቀመጫ! ዓሣው በእኔ በኩል መታ። እውነትም የልብ ምት ይመስላል። «አሁን» አልኩት፣ ጎተተ፣ ጎተትኩ፣ አወጣነው። ዴክላን ከማዶ ሳቀልኝ። ለእኔ። ስቴሻን ያማሁትን ነገር ሁሉ ረሳሁት።

ዳቦ ጋገርኩ። ስኳር የሌለበት፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ማርች 7

ዛሬውኑ ልጽፈው ይገባል።

መጀመሪያ ዓሣ አመለጠን። በእሱ በኩል ነው የመታው። በእጁ አጠገብ ያሉት ቡሾች ሲጠልቁ እኔ ከዚህ አየሁ፤ እሱ ዝም። እኔን ነው የሚያየው። ዋት ከኋላዬ «ሰውዬው አንቀላፋ እንዴ?» ብሎ አጉረመረመ። እኔም ተናድጃለሁ፤ እሷን እያሰበ ነው ብዬ። አዎ፣ ያኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ መረቡ የሰጠመ ዛፍ ያዘ። ውሃው በኃይል እየጎደለ ጀልባዎቹን ወደ ታች ይገፋል፣ መረቡ አይለቅም። እንዲህ ሲሆን ገመድ ይለቀቃል፤ ሕፃንም ያውቃል፤ ገመዱ እጅህን መቁረጥ ሲጀምር ሳትወድ ትለቃለህ። እኔ ወዲያው ለቀቅኩ። ዴክላን አልለቀቀም። የጀልባው አፍንጫ ወደ ውሃው እየጎነበሰ ሄደ። ቀዛፊው ጮኸ። ገመዱ በመዳፉ ውስጥ ገብቷል፤ ደም በክርኑ ላይ ይወርዳል፣ እንጨቱ ላይ ይንጠባጠባል። ባሌ ግን ፈገግ ብሎ ከንፈሬን ይጠብቃል። መረቡ ከብዶት ዓሣ መስሎታል። «አሁን» እንድለው ነው የሚጠብቀኝ።

አይሰማውም። ጣቱ ምንም፣ ምንም አይሰማውም።

«ልቀቀው» አልኩት። በከንፈሬ። ለምን እንዳልጮህኩ አላውቅም። አነበበኝና ለቀቀ። ጀልባው ቀና አለ። ያኔ ነው ወደ እጁ ያየው፤ ደሙን አይቶ ቶሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ጫር አደረገኝ» አለኝ ወንዙ ዳር ስንደርስ። አጥንቱ ይታያል።

ድስቱ። ኩባያዋ። አኮርዲዮኑ። ቁልፎቹ። ጉንጬ ላይ የሚያርፈው የእጁ ጀርባ፤ ምናልባት አሁንም ስሜት የቀረው እዚያ ብቻ ነው።

ማርች 8፣ እሑድ

ወደ ስቴሻ ቤት ሄድኩ። ሣጥኗ ግማሽ ተሞልቷል። ግቢ አላለችኝም፤ በሩ ላይ ቆሜ ነው የተናገርኩት፣ ዝናቡም ጀርባዬን እየመታኝ። እጁን አየሁት አልኳት። 

ፓይርስ ያውቅ ነበር አለችኝ። የዴክላን ጣቶች መደንዘዝ ከጀመሩ ቆይቷል። ፓይርስ በሁለቱም በኩል ያለውን ዓሣ ቡሾቹ ሲጠልቁ እያየ ሲነግረው ነበር የኖረው። ሊሞት ሲል እሷን አስማላት፤ የእሱን መቀመጫ ይዛ ዴክላንን እንድትጠብቅለት፣ ለማንም እንዳትናገር። ወንዙን ከተወ ይሞታል ብሎ።

«እኔስ?» አልኳት። «እኔ ሚስቱ አይደለሁም? አንቺን አምኖ እኔን የሚደብቀኝ ምን አድርጌው ነው?»

«እኔም ጠይቄው ነበር» አለች። «አንቺን እንዲነግርሽ ለምኜዋለሁ፤ ዴልያ የሌለ ነገር እየጠረጠረች ነው ብዬዋለሁ። ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? ‹ትጠርጥረኝ› አለኝ። ‹ስትቀናብኝ ወንድ ነኝ። ስታዝንልኝ አባቴን እሆናለሁ።›»

ያን ወንበር አሰብኩ። ማንኪያውን። «አይ የኔ ምስኪን» የሚለውን ድምፅ።

ተመለሽ ብዬ ለመንኳት። ስሜን የጣልሽበት ሂጂና አንሺው አለችኝ፤ በሩንም ዘጋችው። እኔም ብሆን እዘጋ ነበር።

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነበር። ግን ይህንም ልጻፈው፤ ግማሹ ለእጁ አልነበረም። ቀድማኝ አወቀች። ኩባያዬ ስትሰበር እሷ ምክንያቱን ታውቅ ነበር።

ማርች 10

ወይዘሮ ኮዲ ሱቅ። ሴቶቹ እስኪበዙ ጠብቄ ገባሁ።

ስለ ስቴሻ ያልኩት ሁሉ ከገዛ ሆዴ የወጣ ነው አልኩ። ካፖርቱን እንድትቆልፍለት የለመንኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ከኋላ ስለምቀመጥ እጄ አይደርስም፣ እሱም ሰነፍ ነው፣ ደረቱ ይበርደዋል። በቤት ውስጥ ስለማመደው ደህና ይመስል ነበር። እዚያ ስናገረው ውሸትነቱ ፀሐይ ሞቆታል።

«እንዴ ዴልያ፣ ወንዙ ዳርም ከኋላው ተቀምጠሽ ነበር?» አለችኝ ወይዘሮ ኮዲ።

ሴቶቹ ሳቁ። በእኔ ነው የሳቁት፤ ባሏን አስነጥቃ ምስጋና የምታቀርብ ሞኝ ብለው። ይሳቁ። በሩ ጋ ስቴሻ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ክንዴን ያዘችኝና መንደሩ ሁሉ እያየን አብረን ሄድን።  ቤቴ ስንደርስ፣ ማወቄን ለዴክላን እንዳትነግሪው አልኳት።

«ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው?» አለች።

«እንደነበርኩት» አልኳት።

ማርች 13

ለዴክላን ገመዱ ወገቤን ገደለኝ፣ መቅዘፊያዬ ይሻለኛል አልኩት። የእፎይታ ትንፋሹን ሊደብቅ ሳል አስመሰለ። የታሰረው እጁ እስኪድን ቀስ ብለን እንወጣለን።

ሻዩን ዛሬ ቀድቼ ለብ እስኪል እየተነጫነጭኩ አቆየሁት። የሸሚዙን ቁልፎች አውልቄ ትልልቅ ሰፋሁበት። ዓይኔ ደክሟል፣ ትንንሾቹን ክር ማስገባት አልቻልኩም አልኩት። «አርጅተሻል» አለኝ በደስታ።

ማርች 17፣ የቅዱስ ፓትሪክ ዕለት

ብርዱ አልለቀቀም፤ ከሰሜን ነፋስ አለ። ከቅዳሴ መልስ በውሃው ጉድለት ወረድን። ዋት ባርኔጣው ላይ የበዓሉን የሻምሮክ ቅጠል ሰክቶ እንደ ጳጳስ ይቀዝፋል።

ስቴሻ መቀመጫዋ ላይ ናት፤ ሣጥኗንም ባዶ አድርጋለች አለኝ ዋት። እኔ ከባሌ ጀርባ። ዛሬ ቡሾቹን ነው ያየሁት። በእሱ በኩል ሲጠልቁ አየሁ፤ ስቴሻም አይታለች፤ ከንፈሯ ተከፈተ፤ ጎተተ። ጀልባዎቹ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ። ትልቅ ዓሣ ነበር፤ ዴክላን በሁለት ክንዱ አቅፎ እንደ ሕፃን አነሳው።

ወንዙ ዳር ዝናብ ጀመረ። ካፖርቱን ለብሶ ቆመ። ስቴሻ አንዴ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ሄዳ ከታች ጀመረች፣ ቁልፍ በቁልፍ።

መቅዘፊያዬን ጀልባው ላይ ወረወርኩት። «እናንተ ሰዎች ሌላ ሥራ የላችሁም?» አልኩ። «ይህን ሁሉ ዓሣ እኔ ብቻዬን ልሸከም ነው?»

ዴክላን ዞረ። ፊቱ ሲበራ አየሁት፤ አገጩ እንደተነሳ፣ ደረቱ እንደተነፋ። «አየሻት ስቴሻ» አለ፣ ለዋትም እንዲሰማ። «እስከ ዛሬ ትቀናብኛለች።»

ስቴሻ ዓይኗን ሰብራ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ዓሣውን አነሳሁ፤ ቤት እስክንደርስ አኩርፌ፣ እሱ ከኋላዬ እያፏጨ።

ደህና አድርጌ ተቆጣሁለት። ማስመሰሉም አላስቸገረኝም፤ ስትቆልፍለትም ከንፈሯን ሲያይ ዓይኑን አይቼዋለሁ።